ጫጫና አንጎለላ፤ መንገድ የፈጠረውና መንገድ የተወው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚወስደውን አውራ ጎዳና የሚከተል መንገደኛ፣ ሸኖን አልፎ ደብረ ብርሃን ሳይደርስ፣ ከዋና ከተማው 110 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደረች አንዲት አነስተኛ ከተማ ያገኛል። ስሟ ጫጫ ነው። አብዛኛው መንገደኛ በመስኮት ተመልክቷት ያልፋል፤ ጥቂቱ ከብርዱ ለመገላገል ወርዶ ሻይ ይጠጣል። ስለ ታሪክ የሚጠይቅ ቢኖር እንኳ ወደፊት ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አንኮበር ይጠቆማል እንጂ እዚያው ቆም ብሎ ዙሪያውን እንዲመለከት የሚነግረው አያገኝም።

ሆኖም ከዚህች ከተማ ብዙም በማይርቀው በአንጎለላ ኮረብታ ላይ የሸዋ ንጉሥ ዙፋን ተዘርግቶ ነበር፤ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈርሞበታል፤ የዐድዋው ድል አድራጊ ዳግማዊ ምኒልክም የተወለዱት በዚሁ አካባቢ ነው። በጫጫም በራሷ፣ የጠላት ጦር አዲስ አበባ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሸዋ አርበኞች የመጀመሪያ ጥቃቶች አንዱ ተፈጽሟል። ይህ ሁሉ የሆነበት አገር ዛሬ በሁለት መልክ ይታያል፤ አንደኛው ጸጥ ያለ ኮረብታ፣ ሁለተኛው የመኪና ጥሩምባ የማይለየው የመንገድ ዳር ከተማ ነው። አንዱ እንዴት እንደተተወ፣ ሌላው እንዴት እንደለማ መመርመር፣ መንገድና ድልድይ መሥራትን ሙያቸው ላደረጉ ሰዎች ከተራ የታሪክ ጨዋታ ያለፈ ፍሬ ያለው ጉዳይ ነው።

የቦታው አቀማመጥ

ጫጫ የምትገኘው በሸዋ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ስሟን የምትጋራው ከአጠገቧ ከሚፈሰው ከጫጫ ወንዝ ጋር ነው። ወንዙ እንደ ጎረቤቱ እንደ በሬሳ ሁሉ ሜዳውን ቀስ ብሎ ካቋረጠ በኋላ በገደል እየወረደ ወደ ጀማ፣ በጀማም በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። በአንጻሩ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ተጉዞ ከአምባው ጫፍ ለደረሰ ሰው ውሃው ሁሉ ፊቱን ወደ አዋሽ ያዞራል። አውራ ጎዳናው በዚህ ክፍል የተዘረጋው እንግዲህ በሁለቱ ታላላቅ ወንዞች የውሃ ክፍፍል አጠገብ ነው። ጥንት በእግርና በበቅሎ ይጓዝ የነበረው ሰው ይህን ጀርባ መሬት የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ግራ ቢል የጀማ ገደሎች፣ ወደ ቀኝ ቢል የአንኮበር ቁልቁለት ይጠብቁታልና።

ሜዳው ከላይ ሲታይ ለመንገድ የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን አብዛኛው መሬት መረሬ ወይም ኮትቻ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ ላይ ያለ ጠንካራ የድንጋይ መሠረትና ያለ በቂ ማፋሰሻ የተሠራ መንገድ ሁለት ክረምት እንኳ አይሻገርም። ከአፈሩ ሥር ያለው ግን ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ስለሆነ፣ ገበሬው ቤቱንም አጥሩንም የሚሠራው በዚሁ ድንጋይ ነው። አገሩ የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ አገር ነው፤ በግም ይረባበታል። ከጥቅምት ጀምሮ የሚወርደው ውርጭ ሰብሉን ያጠቃል። ዛፍ ብርቅ በነበረበት ዘመን ምድጃው የሚነደው በኩበት ነበር፤ ዛሬ በየመንደሩ የሚታየው ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓመታት ነው። ስለዚህ የቀድሞዎቹ ተጓዦች የጻፉለት የአንጎለላ ሜዳ ከዛሬው ይልቅ የተራቆተ፣ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ዕይታ የሚታይ ነበር።

የድንበር ከተማ

ደብረ ብርሃን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በ1448 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረች ጥንታዊት ከተማ ናት። አንጎለላ ግን ከእርሷ ጋር ሲነጻጸር የትናንት ናት። በ1820ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ገደማ ያቋቋሟት ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. በሸዋ የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ናቸው። የመንግሥቱ ዋና መቀመጫ አንኮበር ነበረች። አንኮበር በአምባው ጫፍ ላይ ስለተሠራች ከቆላው የሚመጣውን ንግድ ለመቆጣጠር የተመቸች ናት፤ በግርጌዋ ዐርብ ዐርብ ይቆም የነበረው የአልዩ አምባ ገበያ ከታጁራና ከሐረር የሚመጡት ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ነበር። ነገር ግን ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ለሚደረግ ዘመቻ አንኮበር ሩቅና ጥግ ላይ ያለች ሆነች። ንጉሡ ፈረሰኛ ጦራቸውን ሰብስበው በሜዳው ላይ በፍጥነት የሚንቀሳቀሱበት ሁለተኛ መቀመጫ አስፈለጋቸው። የአንጎለላ ኮረብታ ለዚህ ተመረጠች።

የአንጎለላ መነሻ የጦር ሰፈርነት መሆኑ መሸሸግ የለበትም። በዚያ ዘመን አካባቢው የሸዋ መንግሥት ከቱለማ ኦሮሞ ወገኖች፣ በተለይም ከአቢቹና ከገላን ጋር የሚዋሰንበት ነበር። ከዚች ኮረብታ የተነሡት ዘመቻዎች ከብት የነዱ፣ መንደር ያቃጠሉና ሕይወት ያጠፉ ነበሩ፤ ይህንም በዐይናቸው ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ሳይደብቁ ጽፈውታል። ያ ድንበር ግን የጦርነት መስመር ብቻ ሆኖ አልኖረም። በገበያ፣ በጋብቻና በአበልጅነት የተሳሰረ ሕዝብ የሚኖርበትም ሆኗል። የዛሬውን የአካባቢውን ነዋሪ ታሪክ ለመረዳት የሚሻ ሰው ሁለቱንም ገጽ አብሮ ማንበብ ይኖርበታል።

በሣህለ ሥላሴ ዘመን አንጎለላን ያዩ አውሮፓውያን ብዙዎች ናቸው። ፈረንሣዮቹ ኮምብና ታሚዚዬ በ1828 ዓ.ም. ገደማ፣ ሮሼ ዴሪኩር ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍም በ1830ዎቹ መጀመሪያ ላይ ወደ ሸዋ መጥተዋል። ንጉሡ ለእጅ ጥበብ የነበራቸው ፍላጎት ከፍ ያለ ስለነበር ከእንግዶቹ የሚፈልጉት በመጀመሪያ ጠመንጃን፣ ቀጥሎም ባለሙያን ነበር። ከውጭ የመጣ አንድ ባለሙያ በሸዋ የውሃ ወፍጮ ሠርቶላቸው እንደነበርና፣ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስለተቃወሙት ጥቂት ቀን ብቻ ፈጭቶ እንደቆመ ተጽፏል። በቤተ መንግሥቱ ለሚበላው እንጀራ እህሉን በእጅ ወፍጮ የሚፈጩት ሴቶች እጅግ ብዙ ነበሩ፤ የወፍጮው መቆም ድካሙን በእነርሱ ጫንቃ ላይ እንዳለ አስቀረው። አዲስ ሥራ በሰው ዘንድ ተቀባይነት ሳያገኝ በመሣሪያው መልካምነት ብቻ እንደማይጸና ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

የ1834 ዓ.ም. ውል

በ1833 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን ከታጁራ ተነሥቶ በአፋር በረሃ አቋርጦ አንኮበር ገባ። ሃሪስ በሙያው በቦምቤይ የኢንጂነሮች ጓድ መኮንን ነበር። ለንጉሡ ያቀረበው ገጸ በረከት ጠመንጃና መድፍ የሚገኙበት ሲሆን፣ ዓላማውም ለእንግሊዝ ንግድ በር ማስከፈትና የፈረንሣይን ተሰሚነት መቀነስ ነበር። በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. በንግሥት ቪክቶሪያና በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ስም የወዳጅነትና የንግድ ውል በአንጎለላ ተፈረመ። ፈረንሣዮችም ወደ ኋላ ላለመቅረት በሮሼ ዴሪኩር አማካይነት በ1835 ዓ.ም. የራሳቸውን ውል ተዋዋሉ።

ሁለቱም ውሎች የተጠበቀውን ያህል ፍሬ አልሰጡም። ከባሕር እስከ ሸዋ ያለው መንገድ ረጅም፣ ውሃ የሌለበትና የብዙ ባላባቶችን ፈቃድ የሚጠይቅ ስለነበር፣ በወረቀት የተከፈተው ንግድ በመሬት ላይ ሊከፈት አልቻለም። ይሁን እንጂ የሃሪስ ጉዞ ሌላ ጥቅም ትቷል። በ1844 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ያሳተመው መጽሐፍ፣ የራሱን ወገን ትምክሕት ቢያንጸባርቅም፣ የአንጎለላን፣ የጫጫ ወንዝንና የአካባቢውን ኑሮ በዝርዝር ያቆየልን ነው። ከእርሱ ጋር የመጣው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትስም የሸዋን መልክ በሥዕል አስቀርቷል።

ልደትና ስንብት

የንጉሡ ልጅ ኃይለ መለኮት ከወይዘሮ እጅጋየሁ የወለዷቸው ሣህለ ማርያም፣ ኋላ ዳግማዊ ምኒልክ የተባሉት፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ሥፍራ በአንጎለላ ልዩ ስሙ እንቁላል ኮሶ የሚባለው መሆኑና በአንጎለላ ኪዳነ ምሕረት ክርስትና መነሣታቸው ይነገራል። ሦስት ዓመት ያህል እንደቆየ አያታቸው ሣህለ ሥላሴ ዐረፉ፤ አባታቸው ነገሡ። በኅዳር 1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲያስገብሩ ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ሞቱ፤ በረከት ላይ በተደረገው ጦርነት የሸዋ ጦር ተሸነፈ፤ ሕፃኑ ምኒልክም ተማርከው ተወሰዱ።

ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ሲገቡ መንግሥታቸውን በአንኮበር አቋቋሙ። ቀጥሎ በደብረ ብርሃን አጠገብ ያለችው ልቼ መቀመጫቸው ሆነች፤ በ1870 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር የታረቁትም በልቼ ነው። ከዚያ ወደ እንጦጦ ወጡ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። የመንግሥቱ መቀመጫ እንዲህ ደረጃ በደረጃ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲሸሽ አንጎለላ የተሠራችለት ምክንያት አለቀ። የድንበር ከተማ ድንበሩ ሲርቅ ሥራ ያጣል። በ1909 ዓ.ም. ደግሞ የጅቡቲው ምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ፣ አንኮበርንና አልዩ አምባን ይመግብ የነበረው የሲራራ ንግድ ፊቱን ጨርሶ ወደ ሐዲዱ አዞረ። የሰሜን ሸዋ ደጋ የአገር እምብርት መሆኑ ቀረና ወደ ወሎና ወደ ትግሬ የሚታለፍበት አገር ሆነ።

ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም.

መተላለፊያ መሆን ግን የራሱ ታሪክ አለው። ከጠላት ወረራ በፊት ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ መኪና የሚያስኬድ መንገድ ወጥቶ ነበር። ጣልያኖች በዘገባቸው የንጉሠ ነገሥት ጎዳና ብለው ያሞገሱት ይህ መንገድ በእውነቱ በዝናብ ጊዜ ጭቃ የሚውጠው ነበር። ማርሻል ባዶሊዮ በብዙ መኪና የተጫነ ጦሩን ከደሴ ሲያንቀሳቅስ ከሁሉ በላይ ያስጨነቀው ይኸው መንገድ ነው። ጣርማ በር ላይ መንገዱ በፈንጂ ተቆርጦ ስለቆየው፣ ጥገናው እስኪያልቅ ጉዞው ታገደ።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ከአዲስ አበባ ወጡ። መንግሥት በሌለበት፣ መደበኛው ጦር በተበተነበት በዚያ ሰዓት፣ የሸዋው አርበኛ ኃይለ ማርያም ማሞ ሚያዝያ 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ጫጫ ላይ አድፍጠው ወደ ዋና ከተማው ይገሠግሥ የነበረውን የጠላት ጦር ክፍል መቱ። በዚህ ጥቃት 170 ያህል የቅኝ ግዛት ወታደሮች መገደላቸው ተመዝግቧል። ባዶሊዮ በማግስቱ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። የጫጫው ውጊያ ጉዞውን አላስቀረም፤ ነገር ግን ከተማይቱ ሳትያዝ የአርበኝነቱ ትግል መጀመሩን አስመሰከረ። ኃይለ ማርያም ማሞ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ሲዋጉ ቆይተው ግንቦት 29 ቀን 1930 ዓ.ም. በውጊያ ላይ ወደቁ። በደብረ ብርሃን ስማቸውን የያዘ ትምህርት ቤት አለ።

መንገዱና ከተማው

ጣልያኖች በቆዩባቸው ዓመታት ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል አስመራ የሚደርሰውን መንገድ በድንጋይ መሠረት፣ በግንብ ድልድይና በማፋሰሻ አጠንክረው ሠሩት። ከሥራዎቹ ሁሉ ጎልቶ የሚታየው 600 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የጣርማ በር ዋሻ ነው። ዓላማው ጦርና ስንቅ ማመላለስ ነበር፤ የተሠራውም በወረራ ዘመን ነው። ከነፃነት በኋላ ግን መንገዱ ለባለ አገሩ ሆነ። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ዋና ዋናዎቹን መንገዶች የመጠገንና የማስፋፋት ኃላፊነት ተሰጠው፤ የአገሪቱ የመንገድ መሐንዲሶች ትውልድም በአብዛኛው በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተኮትኩቶ አደገ።

የጫጫ ዕድገት የተመሠረተው በዚህ ጎዳና ላይ ነው። ቀድሞ በጋ በጋ በእግር የሚሻገሩት፣ ክረምት ሲሞላ ግን መንገደኛን አስቁሞ የሚያሳድር ወንዝ ድልድይ ሲያገኝ፣ መሻገሪያው ወደ ማረፊያነት፣ ማረፊያውም ወደ ገበያነት ይለወጣል። ገብሱንና በጉን ወደ አዲስ አበባ መላክ የሚፈልግ ገበሬ መኪና ወደሚቆምበት ይወርዳል፤ ጨውና ጨርቅ የሚሸጠው ነጋዴም እዚያው ሱቅ ይከፍታል። ወፍጮ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ጽሕፈት ቤት ተከትለው ይመጣሉ። አንጎለላ የተሠራችው ጠላትን ከሩቅ ለማየት ስለነበር ከፍታን መረጠች፤ የጎዳናው ከተማ ግን መኪና በቀላሉ የሚቆምበትን ሜዳ ትፈልጋለች። ስለዚህ ሰዉ ከኮረብታው ወደ ጎዳናው ፊቱን ማዞሩ የማይቀር ነበር።

ይህ መለዋወጥ በአስተዳደር ስምም ላይ ታትሞ ይገኛል። አካባቢው በቀድሞው ዘመን በተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ውስጥ ነበር። ዛሬ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ይባላል፤ የወረዳው ዋና ከተማ ደግሞ ጫጫ ናት። ስሙ ከንጉሡ ኮረብታ፣ ወንበሩ ከጎዳናው ዳር ሆነ ማለት ነው።

ሊጠበቁ የሚገባቸው ምልክቶች

እንግሊዞች የየአውራጃቸውን ታሪክ ደብር በደብር፣ መንደር በመንደር እየመረመሩ የሚያሳትሙበት አንድ ታላቅ ተከታታይ መጽሐፍ አላቸው። ሥራው የተጀመረው በ1899 እ.ኤ.አ. ሲሆን የተሰየመው በንግሥት ቪክቶሪያ ስም ነው። ጥቂት ጎጆዎች፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና አንድ ድልድይ ብቻ ያለው መንደር እንኳ ሕንፃው በማን ዘመን እንደተሠራ፣ መሬቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ፣ መንገዱ መቼ እንደተለወጠ በዚያ ተጽፎለት ይገኛል። በአንጎለላ የተፈረመው ውል በዚያችው ንግሥት ስም መሆኑ አጋጣሚ ነው። አጋጣሚው የሚያስታውሰው ግን አንድ ቁም ነገር አለ፤ ትንሽ መንደር ትንሽ ታሪክ አለው ተብሎ አይናቅም።

በጫጫ ዙሪያ ያሉት ምልክቶች ሐውልት የቆመላቸው ብቻ አይደሉም። የመጀመሪያው ኮረብታው ራሱ ነው፤ በላዩ ላይ የነበረው ግቢ እንዴት እንደተከለለ፣ በሩ በየት በኩል እንደነበረ፣ ውሃ ከየት ይቀዳ እንደነበረ ሊናገር የሚችለው መሬቱ ነው። ሁለተኛው የአንጎለላ ኪዳነ ምሕረትና የእንቁላል ኮሶ ሥፍራ ነው። ሦስተኛው ወንዙና በላዩ የተፈራረቁት መሻገሪያዎች ናቸው። አራተኛው ኃይለ ማርያም ማሞ ያደፈጡበት ሜዳ ነው። አምስተኛው የገበሬው የድንጋይ ቤት ነው፤ ይህን ቤት ማንም ቅርስ ብሎ አይጠራውም፤ ሆኖም ብርዱንና ንፋሱን በአካባቢው ድንጋይ የመቋቋም የረጅም ዘመን ጥበብ በውስጡ አለ፤ የቆርቆሮና የብሎኬት ቤት በተስፋፋ ቁጥርም እየቀነሰ የሚሄደው እርሱ ነው።

ደብረ ብርሃን በቅርብ ዓመታት የፋብሪካ ከተማ እየሆነች መጥታለች፤ በጎዳናው የሚመላለሰው ከባድ መኪናም በዝቷል። መንገድ መስፋቱ፣ ከተማ መዘርጋቱ፣ ድንጋይና ጠጠር መፈለጉ አይቀርም። ልማቱን መቃወም ለማንም አይበጅም፤ የአካባቢውም ሕዝብ የኖረው በመንገዱ ነው። ነገር ግን ጠጠር ለማውጣት የሚቆፈር ኮረብታ፣ የግቢ ቅጥር የነበረ ክምር ድንጋይ፣ በአዲስ ድልድይ ሥር የሚቀበር አሮጌ መሻገሪያ አንድ ጊዜ ከጠፋ በኋላ በምንም ዓይነት በጀት አይመለስም። ከታሪክ ጸሐፊው ወይም ከቅርስ ጠባቂው ቀድሞ ሥፍራው የሚደርሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀያሹ ነው።

ስለሆነም የሙያው ባልደረቦች ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ሩቅ አይደለም። ለመንገድ ጥናት የሚወጣው የቅየሳ ቡድን መሣሪያውን በአንድ ሁለት ቀን ተጨማሪ ሥራ የኮረብታውን ፕላን ለማንሣት ሊጠቀምበት ይችላል። ነባር ድልድይ ከመነካቱ በፊት ቅስቱና መሠረቱ ተለክቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሊቀመጥ ይችላል። የጠጠር ማውጫ ሥፍራ ሲመረጥ የአካባቢው ሽማግሌዎች ስለ ቦታው ምን እንደሚሉ መጠየቅ ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅም። የተሰበሰበውም መረጃ አንዱ ቅጂ በወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ሌላው በማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ፣ በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ መነሻ ያገኛል።

አንጎለላን የተዋት መንገድ ነው፤ ጫጫን የፈጠራትም መንገድ ነው። ቀጣዩ መንገድ በሚቀየስበት ጊዜ ከሁለቱ የትኛው ምን እንደያዘ አስቀድሞ በካርታ ላይ መስፈር አለበት።